ለባሕር ጀርባውን የሰጠ ትውልድ ይባረክ

ዱባይ ውስጥ በረጃጅም ፎቆች ጣራ ላይ ካሉት መጠጥ ቤቶች የሚጠጣበትን ጣራ መምረጥ የማያውቅ ሰው ገና ከአውሮፕላን አልወረደም። ድሮ ሰው አንድ ቤት ጎራ የሚለው ሲጠማው፣ ወዳጅ ሲያገኝ ወይም የጥብሱ ሽታ ከመንገድ ሲጠራው ነበር። እንዴት ያለ የጨለማ ዘመን ነበር! ዛሬ አዋቂዎች ተነሥተውልናል። እነርሱ ስልክ ደውለው ቦታ ሲያስይዙ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከኋላዬ ምን ይታያል?» የሚል ነው። መጠጡ፣ ምግቡ፣ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ከዚያ በኋላ በየተራቸው ይታሰባሉ፤ ጊዜ ከተረፈ።

እነዚህን ሰዎች ለማወደስ ብዕር ሲነሣ እጅ ይንቀጠቀጣል። በአሳንሰር አርባና ሃምሳ ፎቅ ወጥቶ፣ ጆሮው ተደፍኖ፣ ለአንድ ወንበር ከነጥላው ገንዘብ ከፍሎ፣ ከዚያም ለተከፈለበት ባሕር ጀርባን ሰጥቶ መቀመጥ የቆራጦች ሥራ ነው። ተራው ጎብኚ ባሕሩን አይቶ ይሄዳል። ጀግናው ግን ባሕሩ እርሱን እንዲያየው ያደርጋል።

በዚህ በኩል የእኛን ሰዎች ያህል የተካነ ማን አለ? ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አገራችን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ የባሕር በር ነገር በየዜናው፣ በየስብሰባው፣ በየታክሲው ይነሣል። ዱባይ ያለው ወገናችን ጥያቄውን በግሉ ፈትቶታል። ባሕሩን በሰዓት ይከራያል፤ ጀርባውን ያዞራል፤ ሁለት ጣቱን ያነሣል፤ ስልኩን ለአስተናጋጁ ይሰጣል። ድርድር የለ፣ ጦርነት የለ፣ መግለጫ የለ።

ከተማዋም ብትሆን ይህን ጥማት ቀድማ የተረዳች ናት። ፓልም ጁሜይራን ተመልከቱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ ከባሕር ወለል በተቀዳ አሸዋ የተሠራ፣ የዘንባባ ቅርጽ ያለው ደሴት ነው፤ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፎች አሉት፣ ማዕበል የሚመክትለት ቀለበትም አለው። ይሁንና ከቅርንጫፉ ላይ ቤት ገዝቶ የሚኖረው ባለጠጋ ዘንባባ አይቶ አያውቅም። የሚያየው የጎረቤቱን ግድግዳና ቁራጭ ውኃ ነው። ዛፉ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከላይ ላለ ሰው ብቻ ነው። ለዚህም ነው 52ኛ ፎቅ ላይ መመልከቻ ተከፍቶ በትኬት የሚወጣው። በምድር የሚሄድ ሰው እንዳያየው ሆኖ የተተከለን ዛፍ ከጣራ ላይ ቁልቁል ማየት የዜግነት ግዴታ ሊሆን ምን ቀረው? ከዚያ ወዲያ ያሉት «ዓለም» የተባሉት ደሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ከሰማይ ሲታዩ አህጉራት፣ ከባሕሩ ዳር ለሚያያቸው ግን የአሸዋ ቁልል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የዐይን ዱባይ ታሪክ ነው። ይህ 250 ሜትር የሚረዝም፣ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው መሽከርከሪያ ጎማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሥራ ጀመረ፤ በመጋቢት 2022 ቆመ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስም እንደቆመ ቆየ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ማንንም አላሳፈረም። በእነዚያ ዓመታት ግን ከፊት ለፊቱ ባሉት ጣራዎች ላይ «ጎማው የሚታይበት ወንበር» መፈለግ አልቆመም። ጎማው ዞረ አልዞረ ምን አገባን? በፎቶ ላይ ሁሉም ጎማ ቆሞ ነው የሚታየው። አንዳንድ ክፉ ሰዎች «የማይሠራ ነገር ለማየት እንዴት ገንዘብ ይከፈላል?» ይሉ ነበር። የጥበብ ጠላቶች!

ምርጫው ታዲያ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ቡርጅ ካሊፋ ራሱ ውስጥ፣ 122ኛ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት አለ። ሕንፃው 828 ሜትር ነው፤ ዓለምን ያስናቀ ነው። ያልበሰለ ሰው «ከዚህ የበለጠ ቦታ የት ይገኛል?» ብሎ እዚያው ይወጣል። የበሰለው ግን ጉድለቱን ወዲያው ያገኘዋል፤ ከዚያ ሆኖ ቡርጅ ካሊፋ አይታይም። ቡርጅ ካሊፋ የሌለበት የዱባይ ፎቶ ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ «ይሄ የት ነው? ቦሌ ነው?» ያስብላል። ስለዚህ አዋቂው ከፊት ለፊት ካለው አጠር ያለ ሕንፃ ጣራ ላይ ይወጣና ትልቁን ሕንፃ ትከሻው ላይ ያስቀምጠዋል። በእጁ ጫፉን የያዘ መስሎ የሚነሣም አለ፤ ያ ግን የጀማሪዎች ነው።

ሰዓት አመራረጥ ላይ ደግሞ ተራቀናል። አስተዋዩ የውጭ አገር ጎብኚ ጀምበር ለመጥለቅ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ይመጣል። በታኅሣሥ እዚያ ጀምበር የምትጠልቀው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው። የእኛ ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ከጓደኛው ተውሶ፣ ታክሲ ተጋርቶ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ባሕሩ እዚያው ነው፤ ነገር ግን ከጥግ እስከ ጥግ ድፍን ጥቁር ነው። ጨረቃ ከሌለች ባሕርና ያልተቀባ ግድግዳ አይለዩም። አስተናጋጇ ግን «ባሕር የሚያሳየው ወንበር» ብላ ወደ ጥቁሩ ግድግዳ ትመራዋለች፤ እርሱም ደረቱን ነፍቶ ይከተላል። ከአዳራሹ ውስጥ ካለው፣ ምንም ከማያሳየው ወንበር ይልቅ ይሄኛው ውድ ነው። ጨለማን በዚህ ዋጋ የሚገዛ ሕዝብ ብርሃን ቢያገኝ ምን ሊያደርግ ነበር?

በበጋቸው ደግሞ ሌላ ገድል አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ማታ ላይም ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት አየር ሳይሆን የወጥ እንፋሎት የሚተነፍሱ ያስመስላል። ብልሆቹ ቤቶች ሰገነታቸውን ዘግተው ሰውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። የእኛ ጀግና ግን ወደ ውጭ ይወጣል። ከቀዝቃዛው አዳራሽ እንደወጣ መነጽሩም የስልኩ ካሜራም በጉም ይሸፈናል። በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ ይሸፈናል፤ ይጠርገዋል። በመጨረሻ የሚወጣው ፎቶ ላይ የሚታየው ቢጫ ጭጋግና አንድ ደስተኛ ጥርስ ነው። ያው፣ ከታች «ሕይወት ውብ ናት» ተብሎ ይለጠፋል።

የአለባበስ ሥርዓቱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ነጠላ ጫማ ያደረገ ወይም ቁምጣ የለበሰ ወንድ ከአሳንሰሩ በር ይመለሳል። ይህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ መሆኑ ነው። ከታች አሸዋው ላይ ሰው ራቁቱን ለመሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ከላይ ያለው ደግሞ ያንኑ ባሕር ለማየት ሙሉ ልብስ ለብሶ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። መከባበር ማለት ይህ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዱባይ አልኮል ላይ የጣለችውን የ30 በመቶ ግብር እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አነሣች፤ በጥር 2025 ደግሞ መለሰችው። ጠጪ የተባለ ሁሉ ሲነሣ ጨፈረ፣ ሲመለስ አለቀሰ። የጣራ ምእመናን ግን አልተናወጡም። ለምን ይናወጣሉ? ለአራት ሰው አንድ ብርጭቆ ነው የሚያዝዙት! ብርጭቆዋ ጃንጥላ ተሰክቶባት፣ ብርቱካን ተንጠልጥሎባት ስትመጣ ማንም አይነካትም። መጀመሪያ ለብቻዋ ፎቶ ትነሣለች። ከዚያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ አራቱም በተራ «ለጤናችን» ብለው ያነሧታል፤ አንዱም አይጎነጭም። ሁሉም ተነሥቶ ሲያበቃ በረዶው ቀልጦ የነበረው ነገር ቀለም ያለው ውኃ ሆኗል። እርሱን አንዱ በይሉኝታ ይጠጣዋል። አንዳንድ ቤቶች ይህን ጥበብ ለማጥፋት «ከዚህ በታች ማዘዝ አይቻልም» የሚል ዝቅተኛ የሒሳብ ልክ አውጥተዋል። አሳዛኝ ነው፤ የፈጠራ ሰዎችን እንዲህ ማሳደድ።

ከሒሳቡ ወረቀት በታች ተጨማሪ እሴት ታክሱ 5 በመቶ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ የአገልግሎቱ እያለ ዝርዝሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። በብር መንዝሮ ማሰብ ክልክል ነው። የመነዘረ ሰው ከዚያ ጣራ በእግሩ አይወርድም።

ይህን ሁሉ ክብር የሚያራክሱ ሰዎች መኖራቸውን መደበቅ አልችልም። ከዴራ ሰፈር ወደ ቡር ዱባይ ሰፈር በአንድ ድርሃም አብራ የተባለችው ጀልባ ላይ ተሳፍረው፣ እግራቸው ከውኃው ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ነፋሱ ፊታቸውን እየመታቸው የሚሻገሩ አሉ። ሹፌር የሌለው ሜትሮ ላይ ተሳፍረው በመስኮቱ ከተማውን በሙሉ በጥቂት ድርሃም የሚያዩ አሉ። ካይት ቢች በተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ቁጭ ብለው ቡርጅ አል ዐረብ የተባለውን ዝነኛ ሆቴል በነፃ የሚያፈጥጡ አሉ፤ ኧረ በነፃ! እስከ 150 ሜትር የሚዘለውን የዱባይ ፏፏቴም ከገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት፣ ከሕዝብ ጋር እየተጋፉ ያዩታል። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ጠግቦ ነው ወደ ቤት የሚገቡት። ምን ማስረጃ አላቸው ታዲያ?

ሌሎቹን ተመልካቾች ደግሞ አለመጥቀስ ነውር ነው። ቡርጅ ካሊፋ ከ24 ሺህ በላይ መስኮቶች አሉት፤ እነርሱን ከላይ እስከ ታች ጠርጎ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። የሚጠርጉት ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው ከማንም የተሻለውን ወንበር ይዘዋል፤ ባሕሩም በረሃውም ደሴቶቹም ከፊታቸው ናቸው። ቦታ ለማስያዝ ማንም አልጠየቃቸውም። በመስታወቱ በኩል ፎቶ የሚነሣው ሰው ግን «እስኪያልፉ ልጠብቅ» ይላል፤ ምስሉን ያበላሹበታል።

አሁን ወደ እኩለ ሌሊቱ ምስጢር ልግባ። የጣራው ሥነ ሥርዓት ሲያበቃ ጀግኖቻችን በጣም ይራባሉ። ከላይ የበሉት ሦስት የወይራ ፍሬና አንድ ትንሽ ሳህን ለውዝ ነው። ስለዚህ ታክሲ ይዘው ወደ ዴራ ይወርዳሉ፤ ከሐበሻ ምግብ ቤት ገብተው ሽሮ ተጋቢኖና ጥብስ ያዝዛሉ፤ ከረባታቸውን ይፈታሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ይጎራረሳሉ፤ ስለ አገር ቤት ጮክ ብለው ይከራከራሉ፤ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። በዚያ ሰዓት ስልክ የሚያወጣ የለም። መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነውና።

ፎቶው ግን በዚያው ሌሊት ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። ሥራ የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። የአክስት ልጅ «እንዲህ ሆነሃል እንዴ!» ይላል። የድሮ የሰፈር ልጅ፣ ስድስት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ የነበረው፣ ስለ ሠርጉ ያስታውሳል። ከሁሉም በላይ ግን ከገጠር የአጎት ድምፅ ይመጣል፤ ስልኩን አንድ ተማሪ ይዞላቸው እየጮኹ የተቀዱት መልእክት ነው፦

«ልጄ፣ ፎቶህን ልጆቹ አሳዩኝ። እሰይ! ከፍ ብለሃል፤ ከዚህም በላይ ከፍ ያድርግህ። እንግዲህ እንዲያ ያለ ጣራ ላይ የሚቀመጥ ልጅ እያለኝ የእኔ ጣራ ማፍሰሱ ለሰሚውም አይጥም። ቆርቆሮው ሠላሳ ይበቃል ብሏል አናጢው። ሚስማሩን እኔ እችላለሁ፤ በእርሱ አላስቸግርህም። ክረምቱ ሳይገባ ቢደርስ ነው መልካም።»

ሚስማሩን እችላለሁ ማለታቸውን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከሌላ አገር ይገኛል?

ጀግናው መልእክቱን ሁለት ጊዜ ያዳምጠዋል። ፎቶው ላይ ያለው ጣራ የሆቴል መሆኑን፣ ብርጭቆዋ የአራት ሰው መሆኗን፣ ጫማው የጓደኛው መሆኑን ሊነግራቸው ይችል ነበር። ይህን ቢያደርግ ግን የዚያ ሁሉ ከፍታ ትርጉሙ ምኑ ላይ ይሆናል? ስለዚህ «እሺ አጎቴ፣ በዚህ ወር ባይሆን በሚመጣው አስብበታለሁ፤ ለአናጢው ሰላም በሉልኝ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ወር እንኳን አይሆንለትም። ለመጪው ቅዳሜ ከመስታወቱ ጥግ ያለውን ወንበር አስይዟል፤ የከፈለው ቀብድ ደግሞ አይመለስም።