ዝርዝር ለሌላቸው የቀረበ ውዳሴ

የሀዋሳን አሳ ያላመሰገነ የለም። አሳውን ከሶፋው ሳይነሳ በሞተረኛ አስመጥቶ፣ ልጁን ያለ ጉርሻ ሸኝቶ የሚበላውን ሰው ግን እስከ ዛሬ በወጉ ያመሰገነ አላጋጠመኝም፤ ነውር ነው። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር እስካለው አሳ ገበያ፣ እኮ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ሆኖ! ልጅ በብስክሌት ደርሶ የሚመለስበት ሜዳ ከተማ ነው። ዳገት ባለበት አገር የሚኖር ሰው ቢሰንፍ ሰበብ አለው። የኛ ሰው ግን ያለ አንዳች ሰበብ፣ በራሱ ጥረት ብቻ ነው የሚቀመጠው።

ትዕዛዙ በስልክ ይሁን በቴሌግራም፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያወርደው በደንብ ይደራል። (ዝናብ ሲጥል መራብ ያለ ነው። ሞተረኛው የሚበሰብሰው ግን ወዶ የገባበት ሥራ ስለሆነ አይቆጠርም።) አድራሻ አሰጣጣችንም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «ከአቶቴ ገባ በልና ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ አረንጓዴ በር አለ… ቆይ፣ ቀለሙ ተቀይሯል ለካ፤ ብቻ መጥተህ ደውል።» ልጁ መጥቶ ይደውላል። አይነሳም። ደግሞ ይደውላል። «መጣሁ፣ መጣሁ!» ይባላል፤ ያኔ ገና ነጠላ ጫማ ፍለጋ ተጀመረ ማለት ነው። የአየር ሰዓቱ የሱ፣ የቆመበት ጭቃ የሱ፣ ከአጥር ውስጥ የሚጮኸው ውሻ ብቻ የኛ። በመጨረሻ በሩ ገርበብ ይልና «ቀዝቅዟል እኮ!» እንላለን። ሰላምታው ይኸው ነው።

ሊቅነታችን በደንብ የሚታየው ግን ሒሳብ ላይ ነው። ድሮ «ዝርዝር የለኝም» የሚባል ጋሻ ነበረን። ሒሳቡ 485 ብር ከሆነ 500 ብር ይዘረጋል፤ ከዚያ ዝም። ልጁ ኪሱን ሲዳብስ እኛ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ደመናውን እንመረምራለን። አሥር ብር ከዚህ ኪስ፣ ድፍን አምስት ብር ከዚያ ኪስ እስኪለቃቀም ድረስ «ተወው» የምትል ቃል ከአፋችን አትወጣም። ዝርዝር ካጣ ደግሞ መፍትሔ አናጣም፤ «እኔ ጋ 480 አለ፣ ይበቃሃል አይደል?»

በግንቦት 2013 ቴሌብር ሲመጣ ይህ ጋሻ ሊሰበር ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ገንዘብ በስልክ እስከ ሳንቲም ከተላከ የዝርዝር ሰበብ ከየት ይመጣል? ስጋቱ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ቴሌብር እንዲያውም 485ን ልክ 485 አድርጎ ለመክፈል፣ አንዲት ብር እንዳታመልጥ ለመጠበቅ የመጣ በረከት ሆነልን። «ትንሽ ልጨምርልህ ነበር፣ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ» የምትለዋም አብራው ተወለደች። 485 ብር በሰላም አሳልፎ የጉርሻዋ ሃያ ብር ላይ የሚቋረጥ ኔትወርክ የሚገኘው እኛ ሰፈር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከመካከላችን ደረሰኝ አንባቢዎችም አሉ፤ እነሱማ ልዩ ክብር ይገባቸዋል። ወረቀቱን ገልጠው «ይኸው 15 በመቶ ከፍያለሁ፣ ሌላ ምን ቀረህ?» ይላሉ። ያ 15 በመቶ ከ1995 ጀምሮ ለመንግሥት የሚገባ ቫት ነው። ሞተረኛው ድርሻ አለኝ ካለ ገቢዎች ሄዶ ያመልክት።

ባዶ እጁን እንሸኘዋለን ያልኩ እንዳይመስላችሁ ብቻ። እንመርቀዋለን! «ተባረክ የኔ ጌታ፣ እደግ ተመንደግ!» አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ሲባል አበው የመረጡት ባለ አፉን ነው፤ ከብትስ ያልቃል። እኛም ከብታችንን በረት ዘግተንበት አፋችንን ሳንሰስት እንሰጠዋለን። እርግጥ ማደያ ላይ በምርቃት የሚቀዳ የለም። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ያውም ሰልፉ ደርሶ ከተገኘ ነው። ካልተገኘ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አለ፣ ዋጋው እንደ ሻጩ ስሜት ነው። አንድ ጊዜ አቶቴ፣ አንድ ጊዜ ጥቁር ውኃ ሲመላለስ የዋለ ልጅ ማታ ምን ያህል ምርቃት ይዞ እንደሚገባ እስቲ አስቡት። ስለ ባጃጅ ኮንትራትማ አላነሳም፤ ለሃያ ብር ሩብ ሰዓት ተከራክሮ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ «ይህችን ሲሚንቶ እስከ በረንዳው አድርስልኝማ ወንድሜ» ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ስስታሞች የሚለን ካለ ግን ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይምጣና ይየን። እሁድ ቀትር ላይ ከሞተረኛው አምስት ብር መልስ የሚጠብቀው ሰው ቅዳሜ ማታ መድረክ ወጥቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ባለ 200 ብር ኖት ሲለጥፍ ታዩታላችሁ። ያውም አንድ ብቻ አይደለም። ካሜራው ወደ ሌላ ዞሮ ከሆነ እስኪመለስ ድረስ ብሩን ከፍ አድርጎ እየጨፈረ ይጠብቃል። ዝርዝር አይጠይቅም፣ ኔትወርክ አያስቸግረውም፣ «ዘፈኑ ቀዝቅዟል» አይልም። የግቢው በር ላይ ሲሆን ነገሩ የሚለየው መጽሐፉን ስለምናከብር ብቻ ነው። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ይላል አይደል? እኛ ትእዛዙን ከሚገባው በላይ ጠብቀን ቀኛችንም እንዳያውቅ አድርገናል።

ስለዚህ ጥፋቱ የልጆቹ ነው። ሔልሜት አጥልቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ማንም ሳያየው መጥቶ ጉርሻ የሚጠብቅ ሰው ምን ይባላል? መሲንቆ ይዞ ይምጣ እንጂ! በሩ ላይ ቆሞ የባለቤቱን ስም እየጠራ፣ አባቱን አያቱን እያነሳ በግጥም ያወድሰው። ጎረቤት በመስኮት ብቅ ይበል፣ የላይኛው ፎቅ ተከራይ ስልኩን አውጥቶ ይቅረጽ። ያኔ 200 ብሩ ግንባሩ ላይ ሳይሆን ሔልሜቱ ላይ ካልተለጠፈ እኔን አያድርገኝ።

ሐሳቡን ገብርኤል አካባቢ ትዕዛዝ ሲጠብቅ ላገኘሁት አንድ ሞተረኛ ነገርኩትና መሲንቆ የሚታሰርበት ቦታ ሞተሩ ላይ እንዳለ ጠየቅኩት። ሳጥኑን ዞር ብሎ አየት አደረገና፣

«ቦታስ አይጠፋም ጋሼ» አለኝ፤ «ግን እርስዎ ባለፈው እሁድ አምስት ብር ያስመለሱኝ ሰውዬ አይደሉም?»