ማንም ሳይሾምህ አይፒ ለምታድለው ራውተር

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ በስተቀር ደህና ነን።

የቢሮአችን ኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ የሚባለው) በ10 ነው የሚጀምረው። ዛሬ ጠዋት ሒሳብ ክፍል ያለች ልጅ "ፕሪንተሩ ጠፋ፣ ፋይል ሰርቨሩም አልከፍት አለ" ብላ ጠራችኝና አይፒኮንፊግ ኦል የሚለውን የኔትወርክ መረጃ ማሳያ ትእዛዝ ሰጥቼ ሳየው፣ ኮምፒውተሯ ማናችንም የማናውቀው ሰፈር ገብቷል። ዲኤችሲፒ ሰርቨር (አድራሻ አዳዩ)፦ 192.168.0.1፣ ማለትም አንተ። ጌትዌዩም (የመውጫ በሩ) አንተ፣ ዲኤንኤሱም (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) አንተ። ሥልጣን መጠቅለልስ እንዳንተ ነው!

ፍጥነትህን ግን አደንቃለሁ። ኮምፒውተር ሲነሳ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ዋናው ሰርቨራችን አድራሻው ሌላ ጋ ተይዞ እንዳይሆን ሲያጣራ አንተ "እንካ!" ብለህ ጨርሰሃል፤ ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል እንጂ መታወቂያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዲኤችሲፒ ደንብ ራሱ ማንም ያልተፈቀደለት ሰው በቀላሉ ሰርቨር ማቆም እንደሚችል አምኖ ጽፏል። ያቺን ገጽ በደንብ አንብበሃታል መሰለኝ።

አድራሻ መስጠትህስ ይሁን። ስም ሲጠይቁህ የምትመልሰው ነው የሚያናድደው። የፋይል ሰርቨሩን ስም የሚያውቀው የቢሮው ዲኤንኤስ ብቻ ነው፤ አንተ ግን "እኔ ጋ ጠይቁ" ብለህ ሰውን ሁሉ ሰብስበህ መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ስም የለም ትላለህ። መናኸሪያ ላይ መንገደኛ የሚጎትት ወያላ እንኳ ቢያንስ ታክሲ አለው። ኢንተርኔትም የለህም እኮ! ዋን የሚባለው፣ ኢንተርኔት የሚገባበት ቀዳዳህ ባዶ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግማሹ ቢሮ ምንም አለመሆኑ ነው። ትናንት ከዋናው ሰርቨር አድራሻ የወሰደና ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ያደረ ሰው፣ ሊዙ (አድራሻው የተሰጠው ጊዜ) ሲጋመስ በቀጥታ የሰጠውን ሰርቨር ጠይቆ ያሳድሳል፤ አንተን አያገኝህም። "እስቲ አጥፍተህ አብራው" የተባለው ምስኪን ግን አዲስ ደንበኛህ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የስንቱን ችግር የፈታ መድኃኒት አንተ ፊት መርዝ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም ሦስተኛ ጊዜ አጥፍተው ሊያበሩ ነበር፣ ሮጬ ነው የደረስኩባቸው።

እውነቱን ለመናገር በራስህ እግር አልመጣህም። ዋይፋይ የደከመበት ሰው ከሆነ ሱቅ ገዝቶህ፣ የግድግዳውን ኬብል የውስጥ ኮምፒውተሮች በሚሰኩበት ላን ላይ ሰክቶ ሄደ። ዋን ላይ ቢሰካው ኖሮ እዚያው ከኋላህ ያሉትን ስታስተዳድር በኖርክ፣ እኛም ባልተጣላን። ላን ላይም ቢሆን ዲኤችሲፒህን አጥፍቶ አይፒህን ቢያስተካክል ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ ጨዋ አክሰስ ፖይንት ይወጣህ ነበር። ማን ይጠይቃል? ራውተር መግዛት እንጂ አይቲን መጠየቅ ነውር ነው እዚህ ቤት።

ማክ አድራሻህን (የመሣሪያ መለያ ቁጥርህን) ይዤ፣ የቢሮውን ኬብሎች በሚያገናኘው ስዊች ላይ በየትኛው ፖርት እንደምትገባ አግኝቻለሁ። ፖርቱ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ የሚናገረው ተለጣፊ ግን ድሮ ወድቋል። ስለዚህ ክፍል ለክፍል እየዞርኩ አልፈልግህም። ስዊቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ አብርቻለሁ፤ ከዋናው ሰርቨር ፖርት በቀር ከየትም የሚመጣ "እንካ" ስዊቹ ጋ ይቀራል። የአንተን ፖርት ደግሞ ጨርሶ ዘግቼዋለሁ።

አሁን ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነው። ባለቤትህ "ዋይፋዬ ምን ሆነ?" ብሎ መደወሉ አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሰርቨር ክፍል