ቴፕ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ

የመኪና ቴፕ ልቀይር ነው የሚል ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኢንች ነው የሚለውን ነው። ዘጠኝ ነው? አስር ነው? አንድሮይድ ነው? ዩቲዩብ ያሳያል? ዘፈን እንዴት ነው የሚያጫውተው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ቴፕ የምትገዙት ዘፈን ልትሰሙ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ሚሞሪ ላይ ጭናችሁ መስማት የለመዳችሁ ከሆናችሁ፣ ያቺ ትልቅ ስክሪን የሌላት፣ ቮልዩሟ በእጅ የሚዞረው፣ ሚሞሪ ካርድ የምትጎርሰው ትንሿ ቴፕ ከአስር ኢንቹ በብዙ ትሻላችኋለች። ሁሉም አንድ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም፣ ከነሱም ውስጥ የፎልደር ስም እንኳን በቅጡ የማያነቡ ሞልተዋል።

በ2016 መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና አድሶ መያዝ ነው የያዘው፣ ወንበር ያለብሳል፣ ቀለም ያስነካል፣ ከዛ ቀጥሎ ቴፕ ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ የያዘው ቶዮታ ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ በዱባይ በኩል የመጡት ቪትዞች ላይ ያለው ኦሪጅናል ራዲዮ ለጃፓን የተሰራ ነው፣ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው፣ የኛዎቹ ደግሞ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፣ አፍሮ 105.3፣ ሁሉም ከዛ በላይ ናቸው። ስለዚህ ባንድ ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ሳጥን አንቴናው ላይ ትገባለች፣ 20 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ከሆነች ሸገርን 82.1 ላይ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። ይሰራል፣ ግን እሹሹታው አይጠፋም።

ቴፕ ሳይቀይር ለመገላገል ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ፣ ሚሞሪ የምትቀበል ትራንስሚተር የሚገዛም አለ። ርካሽ ናት አልክድም። ግን እሷ የምታስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ላይ ነው፣ የጃፓኑ ራዲዮ ደግሞ 90 ላይ ያበቃል፣ እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ቀጭን ቦታ ብቻ ነው፣ ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፣ እናንተም 100 ላይ አድርጋችሁ ስትፈልጉ ትውሉና ተበላሽታለች ብላችሁ ትመልሷታላችሁ። ቢገናኙም እንኳን ዘፈኑ በኤፍኤም ሲያልፍ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ይቆረጣል፣ የክራርን ጥራት በዚህ መንገድ የሰማ ሰው ክራር ሰማሁ ባይል ይሻላል።

ሌላው ጉድ ደግሞ ኦሪጅናል ናቪጌሽን ያላቸው ቴፖች ናቸው። እነሱም የሚሞሪ ካርድ ቦታ አላቸው፣ ካርድም ገብቶባቸዋል፣ ሰው ያንን ካርድ አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ይሰካውና ምንም የማይረባ የጃፓን ፋይል ነው ብሎ ፎርማት አድርጎ ዘፈን ይጭንበታል። ያ ካርድ የካርታው ነው! ብዙዎቹ የቶዮታ ቴፖች ያለሱ አይነሱም፣ ትክክለኛውን የካርታ ካርድ አስገቡ የሚል ፅሁፍ አሳይተው እዛው ላይ ይቆማሉ፣ ያ ካርድ ደግሞ እንደ ተራ ሚሞሪ ከሱቅ ገዝታችሁ የምትተኩት አይደለም። ባትሪ ሲነቀል ተቆልፈው ኮድ የሚጠይቁም አሉ። እንደዚህ ዓይነት ቴፕ ካላችሁ ካርዱን አትንኩት፣ ወይ በብሉቱዝ ስሙ ወይ ቴፑን ቀይሩት።

እሺ፣ መቀየሩ ተወሰነ እንበል፣ ሱማሌ ተራ ወይ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ነው። ያኔ በሻጩ ሚሞሪ አትሞክሩ። የሻጩ ሚሞሪ ለዛችው ቴፕ የተዘጋጀ ነው፣ አስር አስራ አምስት ዘፈን ነው ያለው፣ ፎልደር የለውም፣ ባሱ ከፍ ያለ የውጭ ዘፈን ከፍቶ ጆሯችሁን ያደነቁርና አሪፍ አይደል ይላችኋል። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደምትጠቀሙበት አድርጋችሁ የሞላችሁት፣ ትዝታ ለብቻ፣ ባቲ ለብቻ፣ ጉራግኛው ለብቻ፣ የሰርጉ ለብቻ፣ መዝሙር ካላችሁ መዝሙሩ ለብቻ። ፎልደር ውስጥ ፎልደርም ይኑር። አንድ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ረጅም ትረካም ጨምሩበት፣ እንደዛ ዓይነቱ ፋይል ላይ ነው ብዙዎቹ የሚወድቁት፣ ፈጠን አድርጋችሁ ወደፊት ልታሳልፉ ስትሉ ይንተባተባሉ ወይ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ከዛ ካርዱን አስገቡና እዩ። መጀመሪያ፣ ከፎልደር ወደ ፎልደር የሚያሻግር ቁልፍ አላት ወይ? ርካሾቹ የላቸውም፣ ሁለት ሺህ ዘፈን ካላችሁ 1,400ኛው ላይ ለመድረስ ቀጥል የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ልትመሹ ነው፣ አንዳንዶቹ በቁጥር መጥራት ይፈቅዳሉ ግን እየነዳ 1,400ኛው ዘፈን የቱ እንደሆነ የሚያስታውስ ማነው። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን እዩት። አንዳንዷ ቴፕ በስም ፊደል ተራ ትሄዳለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ፋይሉ ወደ ካርዱ በተገለበጠበት ተራ ነው የምትሄደው፣ አልበሙን በቁጥር አስተካክላችሁ ብትፅፉላትም ደንታ የላትም፣ እንደዚህ ዓይነቷን ከገዛችሁ ካርዱን ባዶ አድርጋችሁ አንድ በአንድ በምትፈልጉት ተራ መገልበጥ ነው መፍትሄው። ሶስተኛ፣ የአማርኛ ፊደል። ትንንሾቹ ቴፖች ፊደላችንን አያውቁትም፣ በአማርኛ የተፃፈ ስም ሲያጋጥማቸው አራት ማዕዘን ሳጥን ወይ የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ፣ ይሄ ያሳዝናል ግን የምር ከሆነ ፎልደሩን በእንግሊዝኛ ፊደል መሰየም ነው እንጂ ለዚህ ብሎ ስክሪን መግዛት አያስፈልግም። አንድሮይዱ እዚህ ላይ ይበልጣል፣ ሀቅ ነው።

አራተኛውና ለኔ ዋናው፣ ካቆመበት መቀጠሉ ነው። ሞተር አጥፍታችሁ ዳቦ ገዝታችሁ ስትመለሱ ያቋረጣችሁት ዘፈን ካቆመበት መቀጠል አለበት። ብዙ ርካሽ ቴፖች ግን ካርዱን እንደ አዲስ ያነቡና ከአንደኛው ዘፈን ይጀምራሉ፣ ስለዚህ የካርዳችሁ የመጀመሪያ ዘፈን እስኪያንገሸግሻችሁ ድረስ በቀን ስንቴ ትሰሙታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ግን አንድም ቀን ሳይሰማ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ይሄን ለመሞከር ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ባለሱቁ የሚሞክረው ቢጫውንና (መኪና ላይ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣውን) ቀዩን (ከቁልፉ የሚመጣውን) ገመድ አንድ ላይ ጠምዝዞ ባትሪ ላይ አድርጎ ነው፣ ሲነቅለው ሁለቱም ነው የሚነቀሉት፣ ያኔ የትኛዋም ቴፕ ልትረሳ ትችላለች። ቢጫው ባለበት ይቆይና ቀዩን ብቻ ንቀልልኝ በሉት። መኪና ውስጥ ቁልፍ ስትዘጉ የሚሆነው እሱ ነው።

ስለ ካርዱ ስለራሱ ደግሞ፣ ትልቅ ጊጋ አትመኙ። አብዛኞቹ ቴፖች እስከ 32 ጊጋ ነው የሚያነቡት፣ ምክንያቱም 64 እና ከዛ በላይ የሆኑት ካርዶች ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ነው የሚመጡት፣ ቴፑ ደግሞ የሚያውቀው ፋት32ን ነው። በሌላ ፕሮግራም ፋት32 ማድረግ ይቻላል፣ አንዳንዱ ቴፕ እሺ ይላል አንዳንዱ እምቢ ይላል። 32 ጊጋ እኮ ቀላል አይደለም፣ አምስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን በ128 ኪሎቢት (የፋይሉ ጥራት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥራቱም ከፍ ይላል) 5 ሜጋ አካባቢ ነው፣ ስድስት ሺህ ዘፈን ገደማ ይይዛል፣ በ320 ከሆነ 12 ሜጋ ነው፣ እሱም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ይሆናል። ማን ሰምቶ ይጨርሰዋል? ፎርጂዱም የሚበዛው ትልልቁ ላይ ነው፣ ላዩ ላይ 64 ተፅፎ ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ካርድ ሞልቷል፣ ኮምፒውተር ላይም 64 ብሎ ነው የሚያሳየው፣ መጀመሪያ የጫናችኋቸው ይዘፍናሉ ከዛ በኋላ ያሉት ግን ይቆራረጣሉ ወይ አይከፈቱም፣ ሰው ደግሞ ቴፑን ይወቅሳል። ካርድ ስትገዙ ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና መጨረሻ የገባውን ዘፈን ከፍታችሁ ስሙት፣ በቃ።

የዘፈኑ ጥራት ላይ ብዙ ሰው ግድ የለውም፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ዘፈን ጭነት ቤት ሄዶ በጊጋ ሂሳብ ከፍሎ የሚያስጭን ሰው የሚሰጠው ከስልክ ስልክ ሲገለባበጥ፣ ካንዱ ፎርማት ወደ ሌላው ሲቀያየር የኖረ ፋይል ነው፣ አንዳንዱ 64 ኪሎቢት ነው፣ ዘፋኙ ጓዳ ገብቶ በር ዘግቶ የሚዘፍን ነው የሚመስለው። በዚህ ፋይል ምን ዓይነት ቴፕ ቢገዛ ምን ዓይነት ስፒከር ቢገባ ለውጥ የለውም። ዘፋኙም በዛ ክፍያ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም የለውም፣ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፣ ግን መንገድ ዳር በግልፅ ተለጥፎ ነው የሚሰራው። በሌላ በኩል ሙያተኞቹ ራሳቸው በ2011 አውታርን የመሰለ አፕ አምጥተው ዘፈን በህጋዊ መንገድ እንዲሸጥ ሞክረዋል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ችግሩ አፕ ላይ የተገዛ ዘፈን በአብዛኛው እዛው አፑ ውስጥ ነው የሚጫወተው፣ ሚሞሪ ላይ ገልብጦ ቴፕ ውስጥ መክተት አይመችም። አዲስ አልበም የሚያወጣ ሰው በጥሩ ጥራት ሚሞሪ ላይ ወይ ፍላሽ ላይ አድርጎ ቢሸጥ እኔ የምገዛው ዛሬ ነው፣ ሲዲ ማጫወቻ የሌለው መኪና ለያዘ ሰው ሲዲ ምን ያደርግለታል።

ዋት ዋት የሚሉትን ደግሞ አትስሙ። ካርቶኑ ላይ 60 ዋት በ4 ይላል፣ 240 ዋት መሆኑ ነው። ቴፑን ገልብጣችሁ ከኋላ ያለችውን ፊውዝ እዩ፣ 10 አምፔር ከሆነች፣ መኪናው ሲሰራ ባትሪው 14 ቮልት አካባቢ ነው፣ 10 በ14 ሲባዛ 140 ነው። ከሚገባው በላይ እንዴት ይወጣል? ከ140ውም ግማሽ የሚጠጋው ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ለአንድ ስፒከር አስራ አምስት ሃያ ዋት ብትደርስ ነው። ለቪትዝ ደግሞ በቂ ነው፣ ግን ለካርቶኑ ፅሁፍ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ብሉቱዝ እያለ ሚሞሪ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ብሉቱዝም ይኑራት፣ ስልክ ለማንሳት ጥሩ ነው። ግን ስልክ ሲደወል ዘፈኑ ይቋረጣል፣ ቻርጅ ያልቃል፣ ኦንላይን ከሆነ ከከተማ ስትወጡ ኔትወርኩ ይጠፋል። ሚሞሪ ካርድ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ይቀመጣል፣ እንደ ፍላሽ ወጣ ብሎ ጉልበት አይነካውም፣ ኮሮኮንች ላይም እንደ ሲዲ አይዘልም። ለስክሪኑ የምሰጠው አንድ ነጥብ የኋላ ካሜራ ነው፣ ለማቆም ለሚቸገር ሰው ያ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል።

ገመዱን ነገር አደራ። ኤሌክትሪክ ሰራተኛው ኦሪጅናሉን ሶኬት ቆርጦ በፕላስተር ልጠምዝዝ ካላችሁ እምቢ በሉ፣ ለቶዮታ የሚሆን ማገናኛ ሶኬት አለ፣ ከቴፑ ዋጋ አንፃር ምንም ማለት አይደለም። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ፣ ቀዩ ከቁልፉ፣ ጥቁሩ ቦዲ ላይ። ሁለቱንም ከቁልፉ ካደረገው ቴፑ ሞተር በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል፣ ሁለቱንም ከባትሪ ካደረገው ደግሞ ቴፑን በእጃችሁ ካላጠፋችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድርና ጠዋት መኪናው አይነሳም። የቶዮታ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ክፍት ቦታ ወርዱ 20 ሴንቲ ነው፣ ቴፑ 18፣ ግራና ቀኝ የሚቀረውን የሚሸፍን ፕላስቲክ እዛው ስትገዙ ጠይቁ፣ በኋላ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያንከራትታል።