«ምን አይታ ስለ ፍቅር ትጽፋለች?»

አባል የሆንኩበት የንባብ ክበብ ባለፈው ሳምንት ያሳለፈው ውሳኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ለሚቀጥሉት ወራት እንድናነበው ያቀረብኩት የአሜሪካዊቷ አሚሊያ አትዋተር-ሮድስ ተከታታይ ልቦለድ በድምፅ ብልጫ ውድቅ ሲደረግ፣ ሰብሳቢያችን የሰጡት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ «የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስትጽፍ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ምን አይታ ስለ ፍቅር ትጽፋለች?» አንድ ሌላ አባል «ያውም የቫምፓየር ፍቅር!» ብለው ሲያክሉበት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከሳቁት መካከል መጽሐፉን ገልጦ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ደራሲ ያላየውን መጻፍ አይችልም የሚሉ ከሆነ፣ ሳያረጅ ሦስት መቶ ዓመት ከኖረ ደም መጣጭ ቫምፓየር ጋር ፍቅር ይዞት የሚያውቅ የ60 ዓመት ደራሲ ያምጡልኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ የ13 ዓመቷ ልጅና አዛውንቱ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ያላቸው ምናብ ብቻ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ ከሬሳ ክፍልፋይ ሰው የሠራውን የፍራንከንስታይንን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1816 መጻፍ ስትጀምር 18 ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉ በ1818 ስሟ ሳይጠቀስ ሲታተም ደግሞ 20። ያን መጽሐፍ በአድናቆት የሚያነሱ ሰዎች ለሌላዋ ልጅ ሲሆን የልደት ሰርተፍኬት መጠየቃቸው ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሳቁ ነው፤ የገዛ ቋንቋችንን እንዳልሰማን ያጋለጠው እርሱ ነውና። በአማርኛ ሰውን ፍቅር «ይይዘዋል»። በሽታ ያዘው፣ መንፈስ ያዘው ስንል የምንጠቀምበት ግሥም ይኸው ነው። «እሞትልሻለሁ» እንላለን፤ «ልቤን ወሰድከው»፣ «በፍቅሯ ነደደ»፣ «ካለ አንተ ነፍስ የለኝም»፣ «ለዘላለም ያንተ ነኝ» እንላለን። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ እነዚህ ቃላት ከብዙ እጅ እንዳለፈ ሳንቲም ጽሑፋቸው ይጠፋል፤ «እሞትልሻለሁ» ያለው ጎልማሳ መልሶ ጋዜጣውን ይዘረጋል፣ የሰማችውም ሴት ቀና ብላ አታየውም። ወጣት ሲናገራቸው ግን እያንዳንዷን ቃል ያምናል። ቫምፓየርና መናፍስት የሚኖሩበት የፍቅር ልቦለድ የሚሠራው ሥራ ይህን እምነት እንደ ቃሉ መውሰድ ነው። እሞታለሁ ያለው ይሞታል። ልቤ ተወሰደ ያለችው ደረቷ ላይ እጇን ስታኖር ምት ታጣለች። ለዘላለም ብሎ የማለው ዘላለም ይሰጠዋል፤ የሚወደው ሰው እያረጀ፣ እርሱ በዚያው ዕድሜው ቆሞ፣ የገባውን ቃል በየሌሊቱ መኖር ይጠበቅበታል። በተራው የፍቅር ልቦለድ «ዘላለም» የሚባለው የመጨረሻው ገጽ እስኪደርስ ድረስ ነው፤ ዋጋው ሲጠየቅ ያየሁት በዚህ የተናቀ ዘርፍ ነው። ታዲያ እነዚህን ቃላት ገና ሳያልቁ ለመያዝ፣ ካለቁባቸው ከእኛ ይልቅ የ13 እና የ15 ዓመት ልጅ ብትቀርብ ምን ያስገርማል? እኛ ያን የወጣትነት ጊዜ በትዝታና በይቅርታ ፈገግታ እንጽፈዋለን፤ እርሷ ግን መሐሉ ቆማ ጻፈችው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ደራሲዋ 15 ዓመቷ ነበር። ዋና ባለታሪኳ ሪሲካ በ1701፣ በ17 ዓመቷ፣ ሳትፈልግ ቫምፓየር የተደረገች ልጅ ናት። ከሦስት ክፍለ ዘመን በኋላ ይህች ማንም የማይደፍራት ፍጡር በሌሊት ወደ አራዊት ማቆያ ትሄድና ቶራ ብላ ስም ያወጣችላትን ታይገር በፍርግርጉ በኩል ታያለች። በመጽሐፉ ውስጥ ከልቧ የምትወደው ሕያው ነገር ይህች የታሰረች አውሬ ናት፤ ጠላቷ ቫምፓየሩ ኦብሪ ሊጎዳት ሲፈልግም የሚገድለው ታይገሯን ነው። ምን አይታ? ጉልበት እያለው ፈቃድ የሌለውን ነገር አይታ። የ13 ዓመት ልጅ ይህን ከማናችንም የበለጠ ታውቀዋለች።

የፍልሚያ ትዕይንቶቹ የተጣደፉ፣ አንዳንዱ ንግግርም የደረቀ መሆኑን አልክድም፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የወንድና የሴት ፍቅርም ብዙ ቦታ የለውም። ተከታታዩን መከተል የሚያስፈልገው ግን ለዚህ ነው። በ2000 በወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ደራሲዋ ያንኑ የታይገሯን ገዳይ ኦብሪን መልሳ ታመጣዋለች፤ አሁን የሚመጣው ግን ተማሪ መስሎ፣ በብዕር ስም የቫምፓየር ልቦለድ የምታሳትም አንዲት ተማሪ ወዳለችበት ትምህርት ቤት ነው፤ ልጅቷም ትወደዋለች። ከአንድ ዓመት በፊት የዘጋችውን ፍርድ ራሷ ከፍታ እንደገና የምትመረምር ደራሲ በየመደርደሪያው አትገኝም። በሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ቫምፓየሮችን አድና እንድትገድል ሆና ያደገችው ሣራ ከቫምፓየር ጋር ስትወዳጅ የገዛ ቤተሰቧን ሕግ ትጥሳለች። በ2002 አራተኛው ሲታተም ደራሲዋ 18 ዓመቷ ነበር። ሌሎች ደራሲዎች እጃቸውን ያፍታቱበትን ወረቀት በመሳቢያ ቆልፈውበታል ወይም አቃጥለውታል፤ የእርሷ ታትሞ በእጃችን አለ፣ አንዲት ልጅ መጻፍን ስትማር መጽሐፍ በመጽሐፍ ማየት እንችላለን። ክበባችን ይህን ዕድል ነው በአንድ ሳቅ የዘጋው።

ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ መልሼ አቀርባለሁ። ከድምፁ በፊት ሪሲካ በፍርግርጉ ፊት የቆመችበትን ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሰብሳቢያችንም ጥያቄያቸውን ያን ጊዜ ይድገሙልኝ።