ይድረስ ለክቡር «ቅርብ ነው»

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡር «ቅርብ ነው»። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሰልፍ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቆሜ ነው። ከፊቴ 40 ሰው አለ። ከኋላዬ ያለውን አልቆጠርኩም፤ እሱ የራሱን ደብዳቤ ይጻፍ።

ያስተዋወቀን ደላላ ነው፣ ካስታወሱ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። «ትራንስፖርትስ?» ስለው በመስኮቱ ወደ ማዶ ጠቁሞ «ታክሲውም አውቶቡሱም ቅርብ ነው፣ ያውልህ» አለኝ። አልዋሸም፣ ታየኝ። እስካሁንም ይታየኛል። ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ የአውቶቡሱን ቁጥር ከመስኮቴ አነባለሁ። በእኔና በአውቶቡሱ መሀል ያለውን ገደል ግን ደላላው በጣቱ ዘሎት ነበር።

ስምንት ወር አብረን ኖረናልና ከዚህ በኋላ አንተ ልበልህ።

ገደሉ ድልድይ የለውም። ሰፈርተኛው አዋጥቶ የጣላት አንዲት ግንድ ነበረች፤ ሐምሌ ላይ ጎርፍ ወሰዳት። አሁን ዞሬ ነው የምሄደው። በብሎኮቹ አጥር ሥር፣ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን። ሲዘንብ የሥራ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ በቦት እወርዳለሁ፤ ቦቱን ሱቅ አደራ ሰጥቼ ጫማዬን እቀይራለሁ። ባለሱቁ ቦቴን ከሚስቴ በላይ ያውቀዋል።

ባለፈው ደግሞ አንድ ስብሰባ ላይ በሌላ ስምህ አገኘሁህ። ለካ ቢሮ ስትገባ «ተደራሽነት» ነው የምትባለው! ከረባት አስረህ፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ወጥተህ። ካርታው ላይ በየፌርማታው ዙሪያ የ500 ሜትር ክብ ተሰምሯል። ክቡ ውስጥ የገባ ሁሉ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ የእኔም ብሎክ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆናለች። እጄን አውጥቼ «ገደሉስ?» አልኩ። አቅራቢው ልጅ ካርታውን አሳደገ፣ አሳነሰ፣ ፈለገ። «ገደሉ ዳታው ውስጥ የለም» አለኝ። ደስ አለኝ። ከነገ ጀምሮ በዳታው በኩል እሻገራለሁ።

500 ሜትር የሚለው ቁጥር ራሱ ጥፋት የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት በዘላቂ ልማት ግቦቹ ስንት የከተማ ነዋሪ ትራንስፖርት በቅርብ እንደሚያገኝ ሲለካ ለአውቶቡስ 500 ሜትር፣ ለባቡር 1 ኪሎ ሜትር ይላል። ግን በእግር፣ መንገዱን ተከትሎ ነው የሚለው። እንደ ጭልፊት በአየር አላለም። ደግሞስ ፌርማታ መድረስ መሄድ ሆነ እንዴ? ሲኤምሲ ተከራይቼ ሳለሁ በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡር ከደጄ ነበር። ማዶ ያለው ዳቦ ቤትም ከደጄ ነበር። በመሀል የሀዲዱ አጥር አለ፤ የዳቦው ሽታ ይሻገራል፣ እኔ ግን እስከ ማቋረጫው ሄጄ በሌላው በኩል መመለስ ነበረብኝ። ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ አፉ ድረስ ሞልቶ ነው፤ አየሁት፣ አየኝ፣ ሄደ። በአንተ ሒሳብ ይህም «ቅርብ» ነው።

ዋልተር ሀንሰን የሚባል ሰው በ1959 እ.ኤ.አ. ነገሩን ከፌርማታ አላቆ ነበር። ቁም ነገሩ ከቤትህ ተነስተህ የምትደርስበት ሥራ፣ ሱቅ፣ ሰው ስንት ነው የሚለው ነው፤ ያም ቢሆን እየራቀና ሰዓት እየበላ ሲሄድ ዋጋው ይቀንሳል። እኔም ሞከርኩት። ከቤቴ በ1 ሰዓት ውስጥ የምደርስባቸው፦ ሁለት ወፍጮ ቤት፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ሦስት ሥጋ ቤት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው የሞባይል ካርድ መሸጫ። ሥራዬ? የለም። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው።

ሰኞ ዕለት ስልኬን ከፍቼ ደቂቃ ቆጠርኩ። ከበር እስከ በር 2 ሰዓት ከ10። ከዚህ ውስጥ መኪና ላይ የተቀመጥኩት 61 ደቂቃ ብቻ ነው፤ 19 ደቂቃ ገደሉን ስዞር፣ የቀረው በሰልፍ። ታክሲው «መገናኛ» የሚል ታፔላ ሰቅሎ ካራ ላይ ይቆርጣል፣ ያወርደናል፣ ከዚያ በሌላ ሂሳብ እንደገና ይጭነናል። መገናኛ ስደርስ ደግሞ አዲስ ሰልፍ። ባለሙያዎቹ ቆሞ የመጠበቅን ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ እጥፍ አድርገው ይቆጥሩታል አሉ። ሰው ሰልፍ ላይ ቶሎ ስለሚያረጅ ይሆናል። እንደዚያ ከተቆጠረልኝ እኔ ሜክሲኮ ሳይሆን አዳማ ነው የምሠራው።

አንተ ግን አትቆጥርም። ሰልፍ አትቆጥርም፣ ጭቃ አትቆጥርም፣ ጎረቤቴ እትዬ ዱላ ተመርኩዘው ቁልቁለቱን የሚወርዱበትን ሰዓት አትቆጥርም፤ በእሳቸው እግር 500 ሜትር የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፣ ያውም ካልዘነበ። ክብህን አሰምረህ፣ ቀለምህን ቀብተህ፣ ሻይ ልትጠጣ ትወጣለህ።

ይህን እየጻፍኩ ደላላው ደወለ። አከራዬ ልትጨምር መሆኑን ሰምቷል። «ኮዬ ፈጬ አሪፍ ቤት አግኝቼልሃለሁ፣ ለመንገዱ አታስብ፣ ለሁሉ ነገር ቅር...»

ዘጋሁበት።

በል፣ ታክሲ መጣ። ረዳቱ ገና ሳይቆም «እስከ ካራ ብቻ! እስከ ካራ!» እያለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአረንጓዴው ክብ ውስጥ