የሰው ወርቅ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ደሴ ፒያሳን ሲያለብሳት ቡና ከመጠጣት ሌላ ምን ሥራ አለ? ቡናው ላይ ሞባይል ጠጋኙ ልጅ በስልኩ ፊልም ከፈተልን። ፍላሽዳንስ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1983 የወጣ። ፒትስበርግ የምትኖር የ18 ዓመት ልጅ ቀን ብረት ትበይዳለች፣ ማታ መጠጥ ቤት ትደንሳለች። ምኞቷ ባሌት ትምህርት ቤት መግባት ነው። መጨረሻ ላይ ፈታኞቹ ፊት ስትደንስማ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

አፌ አላርፍ ብሎ "የምትደንሰው እኮ ተዋናይቷ አይደለችም" አልኩ። አብዛኛውን የደነሰችው ማሪን ጃሃን የምትባል ፈረንሳዊት ናት። ዝላዩ የሌላ ጂምናስቲክ ሠሪ ነው። በጀርባው የሚሽከረከረውማ ወንድ ነው! ክሬዚ ሌግስ የሚባል የኒውዮርክ ልጅ። ፊልሙ ሲያልቅ ከሚወርደው ስም ውስጥ ግን ጃሃን የለችም።

ቡና የሚያፈሉልን እትዬ በወጣትነታቸው ኪነት ውስጥ ነበሩ። ሲኒ እያለቀለቁ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" አሉ።

ልጁ ተንጨረጨረ። "እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው! አክሽን ላይስ ዱላውን የሚበላው ሌላ ሰው አይደል?"

ክርክሩ ይቺው ናት። ሦስት ጊዜ ደጋገማት፤ ድምፅ ጨመረ እንጂ ሐሳብ አልጨመረም።

"አብሽር ልጄ፣ ሌላ ሰው ይደንስ። ስሟን መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? የሰው ወርቅ አያደምቅ።"

"ተከፍሏታላ!" አለ፣ ደሞዟን እሱ የቆጠረላት ይመስል።

እኔ ድሮም ከእትዬ ጋር ነኝ። የፊልሙ ዘፈን ኦስካር ሲወስድ የዘፈነችው ታወቀች፣ እግሯን የሰጠችው ግን የለችም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉናል፤ ኧረ ያደምቃል! ባለወርቋ ናት ጨለማ የቀረችው።

ፈረንጅን ምን አሳማን? አምባሰልና ባቲ፣ ቅኝቶቹ ሳይቀሩ ስማቸው ከኛው ከወሎ ነው። ክሊፕ ሲወጣ ግን ዘፋኙ፣ ገጣሚው፣ ካሜራማኑ፣ ልብሱን የሰፋው ሁሉ ይጻፋል። አንገቷ እስኪቀነጠስ እስክስታ የወረደችው "ተወዛዋዦች" ከተባለች ትልቅ ነገር ነው። ሰርግ ላይ ለተወዛዋዥ ብር የሚለጥፈው ሰውዬ የራሱ ልጅ "እኔም ልወዛወዝ" ብትለው ቤቱን ያምሳል። አሁን ደግሞ ቲክቶክ መጣና አንዷ የፈጠረችውን ሌላዋ ገልብጣ ታዋቂ ትሆናለች።

ትናንት ማታ ያ ልጅ አዲስ ክሊፕ ላከልኝ። ስድስት ሴቶች ይወዛወዛሉ። ሦስተኛዋ ትከሻዋ አጥንት ያለው አይመስልም። ማን ናት ብዬ እስከመጨረሻው አየሁ። የፀጉር ሠሪዋ ስም አለ።