ጥርኝ ውኃ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ስለ ተገፉ ሰዎች እምነትና ጥርጣሬ የሚያወራ፣ መናፍስት ያሉበት ልብ ወለድ ለእኛ አገር አዲስ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ድረስ ሂዱና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። በላዔ ሰብእ ግድግዳው ላይ ተሥሏል። 78 ነፍስ በልቷል የሚባለው ሰው ነው። ለተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በፍርድ ቀን ሚዛኑን የደፋችለት ያቺ ውኃ ናት። ልብ በሉ፣ የመዳኑ ሰበብ ሰው ሁሉ የሚሸሸው ለምጻም ነው።

እዚሁ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ጎረቤቶቻቸው ሲያገልሏቸው የኖሩት ወይጦዎች ደንገል የሚባለውን የውኃ ዳር ተክል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ሲሠሩ ቆሜ አይ ነበር። እርጥቡን ደንገል በእግራቸው ረግጠው ገመዱን ሲስቡ መዳፋቸው ተሰነጣጥቋል። ቤት ውስጥ «ከእጃቸው ምንም እንዳትቀበል» ተብያለሁ። አንድ ቀን በጣም ጠማኝ። በጣሳ ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ይደርስብኛል ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ! ምንም አልሆንኩም።

ደራሲዎቻችን፣ እባካችሁ ይህን ታሪክ ከሽማግሌው ወገን ሆናችሁ ጻፉልን። ጣሳውን ሲያቀብሉኝ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል። ምን ብለው አስበው ይሆን?